«ዳነች» የተባለችባቸው ሁለት ሳምንታት፦ ከድብርት በኋላ የመጣ ማኒያ የጉዳይ ጥናት

ታካሚዋ የ31 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ናት። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ከባድ ድብርት ይዟት ፍሉኦክሰቲን የተባለው ፀረ-ድብርት መድኃኒት በቀን 20 ሚሊግራም ታዘዘላት። በአራተኛው ሳምንት ፊቷ ፈካ። በአምስተኛው ሳምንት ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ዳነች» አለ። በሰባተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳትተኛ፣ ድምጿ ተዘግቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የአገሩን የገንዘብ አሠራር እንድታስተካክል መመረጧን እየተናገረች ድንገተኛ ክፍል ደረሰች። ይህ ጥናት የሚመረምረው በመካከል ያሉትን 14 ቀናት ነው። ማንነቷን ሊጠቁም የሚችል ዝርዝር አልገባበትም።

ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃው ምልክቶቹ ተሰውረው አለመቆየታቸው ነው። ባሏ፣ እኅቷ፣ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ሐኪሟም ጭምር አይተዋቸዋል። ነገር ግን ለወራት ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሰው ስትስቅ፣ ስትሠራና ስታቅድ ሲያዩ ሁሉም የመዳን ምልክት አድርገው ወሰዱት። ማኒያ ስሜትና ጉልበት ከወትሮው እጅግ ከፍ የሚሉበት ሕመም ነው፤ ድብርትን ተከትሎ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመዳን ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱን የሚያወጡት ጥቂት የተወሰኑ ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጉዳይ እነዚያን ጥያቄዎች የጠየቀ አልነበረም።

ፀረ-ድብርቱ ከመታዘዙ በፊት ያልተጠየቀው

ወደ ሕክምና የመጣችው ስለ ድብርቱ ነበር፤ የተጠየቀችውም ስለ ድብርቱ ብቻ ነው። ባይፖላር ሕመም (ድብርትና ማኒያ የሚፈራረቁበት) ያለበት ሰው ርዳታ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በድብርቱ ወቅት ነው፤ በማኒያው ወቅት ታምሜአለሁ ብሎ አያስብምና። ስለዚህ በድብርት የመጣ ሰው ፀረ-ድብርት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ያለፈ ማኒያ ወይም ቀለል ያለው ዓይነቱ፣ ሃይፖማኒያ፣ ደርሶበት እንደሆነ መጠየቅ አለበት። «ከመጠን በላይ ተደስተሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው አጠያየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ሁሉም ሰው ተደስቶ ያውቃል። የተሻለው እንዲህ ነው፦ «ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው በጣም ትንሽ ተኝተሽ፣ ግን ሳትደክሚ፣ እንዲያውም ጉልበትሽ ጨምሮ ያለፈበት ጊዜ ነበር? በዚያ ሰሞን ሰዎች ‹ምን ነካሽ?› ብለውሽ ነበር? ኋላ የተጸጸትሽበት ነገር አድርገሻል?»

ይህ ቢጠየቅ ኖሮ መልስ ነበረው። ኋላ እንደተጣራው፣ በ22 ዓመቷ የመመረቂያ ጽሑፏን ስታዘጋጅ ለአሥር ቀን ያህል በሌሊት ሦስትና አራት ሰዓት እየተኛች ሳትደክም ሠርታለች። ከሁለት የቅርብ ጓደኞቿ ጋር በማይረባ ነገር ተጣልታ የተለያየችው በዚያው ሰሞን ነው። ወዲያው አራት ወር የፈጀ ድብርት ተከተለ። ቤተሰቡ ያንን ጊዜ የሚያስታውሰው «ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ራሷን ጎዳች» እያለ ነው። የአባቷ ወንድም ደግሞ በተደጋጋሚ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሟል፤ ስለ ቤተሰብ ታሪክ የጠየቀ ስላልነበረ ይህም አልተነሳም። ድብርቱ 25 ዓመት ሳይሞላት መጀመሩና በድብርቱ ወቅት በቀን 11 እና 12 ሰዓት መተኛቷ ሌሎች ፍንጮች ነበሩ። አንዱም ብቻውን ባይፖላርን አያረጋግጥም። አንድ ላይ ሲገኙ ግን ፀረ-ድብርትን ያለ ስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት ብቻውን ከማዘዝ በፊት ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃሉ፤ ፀረ-ድብርት ብቻውን ሲሰጥ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል።

14ቱ ቀናት

ቆጠራው የሚጀምረው እንቅልፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ካጠረበት ሌሊት ነው።

ከቀን 1 እስከ 4። ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ ወደ አምስት ወረደች። ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች፣ ቤት ታስተካክላለች፣ ለወራት የተከመረ ወረቀት ትለያለች። ቀን አትደክምም። ስሜቷ ደስ የሚል ነው፤ ትቀልዳለች፣ ከልጇ ጋር ትጫወታለች። ባሏ ከሦስት ወር በኋላ ሚስቱን መልሶ ያገኘ መሰለው፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። በእነዚህ አራት ቀናት ለሕመም ሊቆጠር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅልፏ በሦስት ሰዓት ቀንሶ ድካም አለመኖሩ።

ከቀን 5 እስከ 8። እንቅልፏ ወደ ሦስት ሰዓት ወረደ። ንግግሯ ፈጠነ፣ ድምጿም ከፍ አለ። ለታላቅ እኅቷ ከንጋት በፊት መደወል ጀመረች፤ አንዱ ጥሪ ሳይዘጋ ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ታወራለች። በአራት ቀን ውስጥ የራሷን ድርጅት ለመክፈት፣ መጽሐፍ ለመጻፍና ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር ወሰነች። በመሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ተመሰገነች፤ የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሳ ነበር። ቀጥሎ ግን አንዱን ሰነድ ከፍታ ሳትጨርስ ሌላውን መክፈት፣ በሒሳቡም ላይ ከእሷ የማይጠበቅ ስሕተት መሥራት መጣ። ይህን ያስተዋለችው አጠገቧ የምትቀመጥ ባልደረባዋ ብቻ ነበረች፤ ለማን እንደምትናገር ስላላወቀች ዝም አለች።

ቀን 9። አስቀድሞ የተያዘላት የክትትል ቀጠሮ ነበር። ለብሳና አጊጣ፣ ፈገግ ብላ ገባች፤ «በሕይወቴ እንደ አሁን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም» አለች። የመጣችው ብቻዋን ነው። ባለሙያው ስለ ስሜቷ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቷና ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ጠየቃት፤ መልሶቹ ሁሉ መልካም ነበሩ። ስለ እንቅልፍ ሲጠይቃት «ጥሩ ነው» አለች፤ እውነቷን ነበር፣ ለእሷ ሦስት ሰዓት በቂ ነበረና። ስንት ሰዓት ነው የተባለ ጥያቄ አልተከተለም። መዝገቡ ላይ «ጥሩ መሻሻል» ተጻፈ፣ መድኃኒቱ ቀጠለ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ለሁለት ወር ተቆረጠ። ቤተሰቡም ከዚያ ቀን በኋላ የነበረውን ጥቂት ጥርጣሬ ትቶ «ሐኪሙ እኮ አይቷታል» ማለት ጀመረ።

ከቀን 10 እስከ 12። ደስታው ወደ ቁጣ ዞረ። በስብሰባ መካከል አለቃዋን አቋረጠችና «አንተ ሒሳብ አይገባህም» ብላ ጮኸችበት። ባሏ «እረፊ» ሲላት በምቀኝነት ከሰሰችው። ከባንክ ቁጠባዋ ከግማሽ በላይ አውጥታ በስልክ ብቻ ለምታውቀው ሰው የንግድ ቅድመ ክፍያ ላከች። መኪና በፍጥነት ነዳች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች።

ቀን 13 እና 14። ጭራሽ አልተኛችም። ውኃ እንኳ መጠጣት ትረሳለች። ንግግሯ አይቋረጥም፤ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው በቃላት ድምፅ መመሳሰል ብቻ ትዘላለች። የተመረጠች መሆኗን የሚነግራት ድምፅ ሰማች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤቱን ከፍታ ወጣች፤ እኅቷ ከመንገድ አግኝታ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት።

ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ካርልሰንና ጉድዊን የተባሉ ተመራማሪዎች የማኒያን ሂደት ከመነሻው እስከ መውረዱ ተከታትለው በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ በመጀመሪያው ደስታ፣ ጉልበትና በራስ መተማመን ይጎላሉ፤ በሁለተኛው ቁጣና ጠላትነት ይበረታሉ፣ ሐሳብ ይበታተናል፤ በሦስተኛው ፍርሃት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ግራ መጋባትና ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ያለ ከእውነታው መለየት) ይታያሉ። ማኒያ ማለት ደስታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ታካሚ ሲያይ «ይህ ጠብ ነው፣ ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህች ሴት ባል በቀን 11 ያለው ይህንኑ ነው፦ «ሆን ብላ ነው፤ ማስታመሜን ስለማታስታውስ ነው።»

መዳኑንና ማኒያውን ምን ይለያቸዋል

ከድብርት የሚድን ሰው ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ማታ ይደክመዋል፣ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይተኛል፣ አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ደስታውም ምክንያት አለው፦ ልጁን አቅፎ ይደሰታል፣ መጥፎ ወሬ ሲሰማ ያዝናል። በማኒያ ግን ስሜቱ ከሚሆነው ነገር ጋር አይሄድም። እዚህ ላይ እንቅልፍን በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉና። እንቅልፍ የነሳው ሰው መተኛት ፈልጎ ያቅተዋል፣ ሲነጋም ደክሞት ይነሳል። በማኒያ ውስጥ ያለ ሰው እንቅልፍ አያስፈልገውም፤ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ሙሉ ቀን ሠርቶ፣ ማታም ንቁ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ስንት ሰዓት ተነሳሽ፣ ከዚያ እስኪነጋ ምን ስትሠሪ ነበር፣ ቀኑ እንዴት ዋለ?» ነው። አራቱም በቁጥርና በተግባር ይመለሳሉ፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሁለተኛው መለያ መቋረጥ ነው። የዳነ ሰው ሲያወራ ቢያቋርጡት ይቆማል፤ አንድ ዕቅድ «ይቆይ» ቢባል ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ያስብበታል። በማኒያ ንግግርም ዕቅድም አይቆሙም፤ የሚያቆም ሰው እንቅፋት ወይም ጠላት ይሆናል። ይህን ለመፈተን ብዙ አያስፈልግም፤ አንድ አጭር ጥያቄ ጠይቆ መልሱ መካከል በጨዋነት ጣልቃ መግባት ይበቃል።

ሦስተኛው፣ መለኪያው ሌላ ሰው ሳይሆን ታካሚው ራሱ ነው። በተፈጥሮው ተጫዋችና ለጋስ የሆነ ሰው ገንዘብ ቢያወጣ ምልክት ላይሆን ይችላል። ይህች ሴት ግን እያንዳንዷን ወጪ የምትመዘግብ የሒሳብ ባለሙያ ነበረች፤ ለማታውቀው ሰው ገንዘብ መላኳ ለእሷ ከባድ ምልክት ነው። የራስን ወትሮ የሚያውቁት ቅርብ ሰዎች ናቸው። በማኒያ ከሚጠፉት ነገሮች መጀመሪያው የራስን ለውጥ ማየት ስለሆነ፣ በቀን 9 ከእኅቷ ጋር የአምስት ደቂቃ ስልክ የተነጋገረ ባለሙያ ምልክቶቹን በሙሉ ባገኘ ነበር።

በመመዘኛ ረገድ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አምስተኛ የምርመራ መመሪያ (2013) ማኒያ ለማለት ቢያንስ አንድ ሳምንት የቆየ፣ አብዛኛውን ቀን የሚታይ ከወትሮው የተለየ የደስታ ወይም የቁጣ ስሜት ከጨመረ ጉልበትና እንቅስቃሴ ጋር ይጠይቃል። ከዚያም ከሰባት ምልክቶች ሦስት ያስፈልጋሉ፤ ስሜቱ ቁጣ ብቻ ከሆነ አራት። ሰባቱ፦ የተጋነነ በራስ መተማመን፣ የእንቅልፍ ፍላጎት መቀነስ፣ ንግግር መብዛት፣ የሐሳብ መሯሯጥ፣ ትኩረት መበተን፣ ሥራና እንቅስቃሴ መብዛት ወይም መቁነጥነጥ፣ መዘዙ ያልታሰበበት ተግባር ናቸው። በተጨማሪም ሥራንና ኑሮን ክፉኛ ማናጋቱ፣ ሆስፒታል ማስገባቱ ወይም ሳይኮሲስ መኖሩ ይፈለጋል። ሆስፒታል መግባት ካስፈለገ የአንድ ሳምንቱ ገደብ አይጠበቅም። ሃይፖማኒያ አራት ቀን ይበቃዋል፤ ግን ኑሮን ክፉኛ አያናጋም፣ ሳይኮሲስም የለበትም። ታካሚዋ በቀን 8 የሃይፖማኒያን መስፈርት አሟልታ ነበር፤ በቀን 12 ማኒያ ላይ ነበረች። ጉዳዩ ፀረ-ድብርት ሲወሰድ የጀመረ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ ሊያመጣ ከሚችለው ውጤት አልፎ ሙሉ መልክ ይዞ ከቀጠለ እንደ ባይፖላር ማኒያ ይቆጠራል።

በድንገተኛ ክፍል

የመጀመሪያው ሥራ ማኒያ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችን ማጣራት ነበር። የሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር መጠን ተለካ። ቀኑን፣ ቦታውንና ሰውን በትክክል መለየቷ ታየ፤ በኢንፌክሽን ወይም በሌላ የሰውነት ሕመም የሚመጣ ግራ መጋባት ሲሆን ይህ ይዛባልና። የታይሮይድ ሆርሞን፣ የኩላሊት ሥራ፣ የጨው ሚዛን፣ የካልሲየምና የእርግዝና ምርመራ፣ ለአነቃቂ ዕፆችም የሽንት ምርመራ ተሠራ። ስቴሮይድ ትወስድ እንደሆነ ተጠየቀ። ከቀላል የሰውነት መድረቅ በስተቀር ሁሉም ደኅና ነበር።

ቀጥሎ አደጋውን መመዘን ነው። የምትስቅ ታካሚ ራሷን አታጠፋም ብሎ መገመት አደገኛ ነው። በማኒያ መካከል ለቅሶ፣ ጥፋተኝነትና የሞት ሐሳብ ሲቀላቀል፣ ድብርቱ ሐሳቡን፣ ማኒያው ደግሞ የመፈጸሚያ ጉልበቱን ይሰጣል። በቀጥታ ተጠየቀች፤ ከሁለት ቀን በፊት «ሁሉንም ልጨርሰው» የሚል ሐሳብ መጥቶባት እንደነበር ተናገረች። ይህን ቤተሰቡ አያውቅም ነበር።

በያንግ የማኒያ መለኪያ 41 አገኘች። መለኪያው 11 ጥያቄዎች አሉት፤ ጣሪያው 60 ነው። ቁጥሩ ራሱ ምርመራ አይደለም፤ የሚጠቅመው ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ከሳምንት ወደ ሳምንት ለማነጻጸር ነው።

የእኅቷ አነጋገር ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል። ተመረጥኩ ስትላት አልተከራከረችም፣ አልተስማማችም፤ «እሱን ኋላ ትነግሪኛለሽ። አሁን ሁለት ሌሊት አልተኛሽም፤ ፈራሁልሽ። ትተኚ ዘንድ እንሂድ» አለቻት። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ታካሚዋ መታመሟን አልተቀበለችም፤ እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋት ግን ተቀበለች፤ ለመሄድ ያ በቃ። ባሏ በዚያው ሌሊት ቀደም ብሎ «አብደሻል» ብሏት ነበር፤ በሩን ከፍታ የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕክምናው

ፍሉኦክሰቲን ወዲያው ቆመ። በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ማቆሙ ብቻ ማኒያውን ወዲያው አያወርደውም፤ ሕክምናው ሲታቀድ ይህ ታስቦበታል። ኦላንዛፒን የተባለው ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት ማታ ማታ 15 ሚሊግራም ተጀመረ፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሌሊቶች ክሎናዜፓም 2 ሚሊግራም ለእንቅልፍ ተጨመረ። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ መብራቱ ማታ የሚጠፋ፣ ጠያቂው የተወሰነ እንዲሆን ተደረገ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጨለማና ጸጥታ መድኃኒቱን ያግዛሉ።

ሊቲየም የተባለው ስሜት ማረጋጊያ የተጀመረው ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን፣ ፈሳሽ ተሰጥቷት የሰውነት ድርቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ሊቲየም በኩላሊት ስለሚወጣ፣ በደረቀ ሰውነት ላይ ሲሰጥ በደም ውስጥ ይከማቻል። በቀን 600 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 900 ከፍ አለ። የደም መጠኑ የሚለካው የመጨረሻው መድኃኒት ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ከዋጠች ደሟ ጠዋት 3 ሰዓት ይወሰዳል። ከዚያ ቀደም ብሎ የተወሰደ ደም ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። መጠኑ ከተለወጠ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ሲለካ 0.9 ሚሊሞል በሊትር ሆነ፤ ለማኒያ ወቅት ከ0.8 እስከ 1.0 ጥሩ ነው፣ በኋላ ለመጠበቂያ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ይበቃል።

ሌላው ስሜት ማረጋጊያ፣ ቫልፕሮኤት፣ ያልተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ልጅ ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ ይህ መድኃኒት መወገድ አለበት፤ በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከአሥሩ ሦስት ወይም አራቱ የአእምሮ እድገት ችግር ይገጥማቸዋል። ሊቲየምም በእርግዝና ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማርገዝ ስታስብ አስቀድማ እንድትናገር ተነገራት።

ከሆስፒታል የወጣችው በገባች በ24ኛው ቀን፣ መለኪያው 8 ሲያሳይ፣ በተከታታይ ሰባት ሌሊት ከሰባት ሰዓት በላይ ከተኛች በኋላ ነው። ስለ ሊቲየም ለእሷም ለባሏም የተነገረው በጽሑፍ ተሰጣቸው፦ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችና ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች የሊቲየምን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፤ ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ብዙ ላብ ሲኖር ሐኪም ይጠየቅ፤ የምግብ ጨው በድንገት አይቀነስ። እጅ በጣም መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ የንግግር መጎተት፣ ትውከትና ግራ መጋባት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፤ ሲታዩ የሚቀጥለው መድኃኒት ሳይወሰድ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የማስጠንቀቂያው ወረቀት

ከወጣች ከአንድ ወር በኋላ፣ ራሷን ማየት ስትችል፣ ከእኅቷና ከባሏ ጋር ተቀምጣ 14ቱን ቀናት በቅደም ተከተል ጻፈች። ይህ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ ቢሞከር ታካሚው ያፍራል ወይም ይክዳል። መሠረቱም የታወቀ ነው፦ በ1999 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፣ 69 ታካሚዎች የራሳቸውን የመጀመሪያ ምልክት ለይተው ቶሎ ሕክምና እንዲጠይቁ ማስተማር የማኒያን ማገርሸት እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ከየቡድኑ ሩብ ያህሉ እስኪያገረሽባቸው የቆዩት፣ በተማሩት 65 ሳምንት፣ ባልተማሩት 17 ሳምንት ነበር። ድብርትን ግን አላዘገየም።

ወረቀቱ ሦስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው፣ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከስድስት ሰዓት በታች ተኝታ ካልደከመች፦ ስልክና ኮምፒዩተር ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል፣ አዲስ ሥራ አይጀመርም፣ በማግሥቱ ለሐኪም ይደወላል። በሁለተኛው፣ ከአምስት ሰዓት በታች እንቅልፍ ወይም ከንጋት በፊት ስልክ ወይም ከአንድ በላይ አዲስ ዕቅድ ከታየ፦ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ፣ የባንክ ካርድና የመኪና ቁልፍ ለእኅቷ፣ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ የተስማሙበት የኦላንዛፒን መጠን ማታ ይወሰዳል። በሦስተኛው፣ አንድ ሌሊት ጭራሽ አለመተኛት፣ ድምፅ መስማት፣ የሞት ሐሳብ፣ ምግብና ውኃ መተው፦ ሳይጠበቅ ድንገተኛ ክፍል። ከእያንዳንዱ ምልክት ጎን ማን እንደሚያየውና ማን እንደሚደውል ስሙ ተጽፏል። «ቤተሰብ ይከታተል» የሚል ወረቀት ማንንም አያስነሳም።

ካርድና ቁልፍ የመስጠቱ ጉዳይ አከራካሪ ነበር። ታካሚዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ የራሷን ሁኔታ ጨመረች፦ የሚመለስላት ሦስት ሌሊት ከሰባት ሰዓት በላይ ስትተኛ ነው፣ እስከዚያም የዕለት ወጪዋ አይከለከልም። ይህ ጭማሪ ወረቀቱን ከሁሉ ነገር በላይ አጠነከረው፤ መቆጣጠሪያው መቼ እንደሚያበቃ የማያውቅ ታካሚ ሲመጣበት ይዋጋዋል። ባሏ ደግሞ አንድ ነገር ተጠየቀ፦ ስትስቅ ሁሉ «ተኝተሽ ነበር?» እንዳይላት። ደስታዋ ሁሉ እንደ ሕመም ከተቆጠረ መደበቅ ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ የሚያይ ሰው አይኖርም። የሚጠየቀው የተመዘገበው የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ እሱንም እሷ ጠዋት ጠዋት በአንድ መስመር ትጽፈዋለች።

ስምንተኛው ወር

ኦላንዛፒን በስድስተኛው ወር ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቆመ፤ ሊቲየም ብቻ ቀጠለ። በስምንተኛው ወር፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ማታ አምሽታ ሠራች። ሥራው ባለቀበት ዕለት በጊዜ ተኛች፤ ግን ሌሊት 10 ሰዓት ነቃች፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ማስታወሻዋ ላይ «5 ሰዓት ተኩል፣ ድካም የለም» ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈች። ሐኪም ዘንድ አልደወለችም፤ «ሥራ ነው ያደረገው» አለች። ከንጋት በፊት የመጣላትን ስልክ ያነሳችው እኅቷ ወረቀቱን አውጥታ ሁለተኛውን ክፍል አነበበችላት። ታካሚዋ ተነጫነጨች፤ ካርዱን ግን ሰጠች።

በዚያው ቀን ታየች። የሊቲየም መጠኗ 0.5 ነበር፤ በሥራ ብዛት አንዳንድ ማታ መድኃኒቱን ዘልላለች። መዋጡ በስልክ ማንቂያ ታገዘ፣ ኦላንዛፒን 10 ሚሊግራም ማታ ተመለሰ፣ ለአንድ ሳምንት የሥራ ፈቃድ ተሰጣት። በአራተኛው ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኛች፤ በስድስተኛው ካርዷ ተመለሰላት። ሥራዋን አላጣችም፣ ገንዘብም አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ተለወጠ። በመጀመሪያው ክፍል የሚደውለው ታካሚዋ ብቻ መሆኗ ቀርቶ፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ካልደወለች ባሏ እንዲደውል ተጻፈ። የበጀት መዝጊያው ወርም አስቀድሞ ተመዘገበ፦ ከእሱ ሁለት ሳምንት በፊት የሊቲየም መጠን ይለካል፣ በወሩ ውስጥ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ እንደማትሠራ አለቃዋ እንዲያውቅ ይደረጋል።